አርብ አርብ የሚሻለው ሳል

አናጢ ወንድሞቼ፣ በተለይ በባትሪ የሚሠራ ማለስለሻ ማሽን ሰሞኑን ገዝታችሁ እጃችሁን የሚበላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውም አይከፋኝም፤ ሳል የማያውቀው ቤት የለም። ሰይድ እባላለሁ። ትውልዴ ኮምቦልቻ ነው፤ እንጀራዬ ግን ሀርጌሳ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ሐኪም አይደለሁምና መድኃኒት አላዝላችሁም። የምነግራችሁ አንድ ዓመት ያህል ትንፋሼን እንዴት እንዳጣሁትና እንዴት መልሼ እንዳገኘሁት ነው። ያገኘሁት በሁለት ነገር ነው፤ አንድ የሶማልኛ ቃል በትክክል በመስማትና መዳፍ የምታክል አንዲት የጨርቅ ከረጢት ወደ ቦታዋ በመመለስ። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም፤ ለሳቅም ትንፋሽ ያስፈልጋል።

የምሠራው አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሰፈር፣ ሐጂ ዑመር የሚባሉ ሰው የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ሐጂ በስደት ዘመን ድሬዳዋ ስለኖሩ አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ አጥርተው ይናገሩታል። እሳቸው ዘንድ ለብዙ ዓመት እንጨት ሳለሰልስ የኖርኩት በሻካራ ወረቀትና ገመድ ባለው ከባድ ማሽን ነበር። ገመዱ አጭር ነው፤ ሶኬቱ ያለው ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ነው። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም ማለስለስ የደጅ ሥራ ነበር፤ አቧራውንም ንፋሱ ይወስደው ነበር። ያ አጭር ገመድ ሲጠብቀኝ እንደኖረ የገባኝ ከተገላገልኩት በኋላ ነው።

አንድ ቀን የሐጂ የወንድም ልጅ ከዱባይ በባትሪ የሚሠራውን ይዞ መጣ። ክብ ነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ሻካራው ወረቀት ከሥሩ ይለጠፋል፤ ከኋላው ደግሞ አቧራ የምትሰበስብ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አለችው። ገመድ የለውም። ሁላችንም በየተራ እየያዝን እንደ አዲስ ሙሽራ አየነው። ሐጂ ጺማቸውን እየዳበሱ «ከእንግዲህ ሥራው ወደ ማሽኑ አይመጣም፤ ማሽኑ ወደ ሥራው ይሄዳል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጥፋቱም የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

26 ጁን በሚባለው ሰፈር አዲስ ቤቶች ይሠሩ ነበርና ግድግዳ ውስጥ የሚገቡ ቁም ሳጥኖች እንድንሠራ ታዘዝን። እኔ ማሽኔን ይዤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እገባለሁ፤ አንዳንዴ ግማሽ ሰውነቴ፣ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ። እንጨቱ ኤምዲኤፍ ነው፤ ያ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ጣውላ። እሱ ሲለሰልስ የሚወጣው እንደምናውቀው ሰጋቱራ አይደለም፤ ዱቄት ነው፣ አየር ላይ ቀርቶ የማይወርድ። የቤቱ እመቤት አቧራው ሳሎን እንዳይገባ በሩን ዝጉልኝ ትለናለች፤ እኛም እንዘጋለን። ከረጢቷስ? ማዕዘን ላይ ስትደርስ ትጋጫለች፣ ቶሎ ትሞላለች፣ ስትሞላ ማሽኑ ያቃስታል። በየሩብ ሰዓቱ እየወጡ ማራገፍ ለቸኮለ ሰው አይሆንም። በሁለተኛው ሳምንት ነቀልኳትና ሥራ ቤቱ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኳት። ለወራት እዚያው ተንጠልጥላ ኖረች። እኔ ፊቴን በፎጣ ጠምጥሜ ስሠራ ዋልኩ፤ ሥራው ሲያልቅ ልብሴን በንፋስ መንፊያ አራግፌ፣ የቀረውን ቤቴ ይዤው እሄዳለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነበር።

አልፈራሁም ነበር፤ ምክንያቱም ወተት ነበረኝ። ኮምቦልቻ ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ «አቧራ የዋጠ ወተት ይጠጣ፤ ደረት ያጥባል» ይለኝ ነበር። እሱም እንዲሁ ተነግሮት ነው። ሀርጌሳ ስመጣ ደግሞ የግመል ወተት አገኘሁ፤ እሱን ያህል ደረት የሚያጥብ ምን ይኖራል ብዬ፣ በየማታው ከሰፈሬ ከኮድቡር ገበያ አንድ ትልቅ ኩባያ ጥሬውን እየገዛሁ መጠጣት ጀመርኩ። ቁም ሳጥን ውስጥ የዋጥኩትን አቧራ ማታ አጥቤ እንደተኛሁ ነበር የሚሰማኝ።

ሳሉ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዬን እንደ መከርከር፣ ከዚያ ደረቅ ሳል፣ ከዚያ ደግሞ ጎህ ሲቀድ የሚቀሰቅስ የደረት መጥበብ። ስተነፍስ ደረቴ ውስጥ ድመት እንዳለች ይሰማል። እኔ ከወሎ ልጆች ጋር በመሰብሰቢያችን መንዙማ አውጪ ነኝ፤ ግጥሙን እኔ አወጣለሁ፣ እነሱ ይቀበላሉ። ረጅሙን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ጨርሼ ነበር ለእነሱ የማስረክበው። አንድ ቀን ስንኙ መሃል ላይ ተቆረጠብኝ። ድቤው ቀጠለ፣ እኔ ቆምኩ። ልጆቹ «ሰይድ ሸመገለ» ብለው ሳቁ። እኔም ለይስሙላ ፈገግ አልኩ። አናጢ የሚኖረው በእጁ ይመስላል እንጂ በትንፋሹ ነው፤ ሳንቃ የሚያነሳ፣ መሰላል የሚወጣ፣ የሚያለሰልስ በትንፋሽ ነው። እሱ ከሄደ ሙያዬ ይሄዳል፤ ከሙያዬ ሌላ ደግሞ የማውቀው የለኝም።

ፋርማሲ ሄድኩ፤ «ብርድ ነው» ብለው ሽሮፕ ሰጡኝ። ሽሮፑ አለቀ፣ ሳሉ አላለቀም። ሁለተኛ ፋርማሲ ሄድኩ፤ ፀረ ተሕዋስ ሰጡኝ። ያም አለቀ። ባለቤቴ ዘሐራ «ሰውዬ፣ ፋርማሲ ከመዞር ሐኪም ፊት ተቀመጥ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እየደበቅሁ ነበር። የፈራሁት ነገር ነበረ።

የፈራሁትንም የመጀመሪያው ክሊኒክ ነገረኝ። ሐኪሙ ክብደቴን፣ ሳሌን፣ የቆየበትን ጊዜ ሰምቶ «የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ አክታህን ሦስት ጠዋት አምጣ» አለኝ። የጠዋቶቹ ወንበር ትዝ ይለኛል። በግድግዳው ጥግ የተደረደረ የብረት አግዳሚ ነው፤ ሁሉም ከአጠገቡ ሰው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጠዋት ሳሉ ይዞኝ ላቤ ሲንቆረቆር፣ አንዲት የማላውቃቸው ሶማሌ እናት የራሳቸውን የራጅ ፖስታ ይዘው ያራግቡኝ ጀመር። ፈቀቅ አላሉም። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ ሲጠሯቸው ተነስተው ገቡ። ዱዓ ሳደርግ እስከ ዛሬ አነሳቸዋለሁ።

ያን ሳምንት ቤቴ ቤት አልነበረም። ኩባያዬን ለየሁ፤ እንዳይሳሳቱበት እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ልጃችን ሐያት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከሥራ ስመጣ ሮጣ እግሬ ላይ መጠምጠም ልማዷ ነው። በር ላይ እጄን ዘርግቼ «ቁሚ» እላታለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ መስሏት ሳቀች። በሦስተኛው ቀን መሮጡን ተወችው። ከሕመሙ ሁሉ የጎዳኝ ያ ነው።

ውጤቱ መጣ፤ ነቀርሳ የለም። ዘሐራ ቀይ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እኔም ደስ ብሎኝ በማግስቱ ወደ ቁም ሳጥኔ ተመለስኩ፤ ሳሉም አብሮኝ ተመለሰ።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። ሁለተኛው ክሊኒክ የሄድኩት ለብቻዬ ነው። ሶማልኛዬ የሥራ ሶማልኛ ነው፤ ዋጋ፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ «ነገ ና»። ሀርጌሳ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የከብት ገበያው ውስጥ በረትና ገንዳ ስሠራ ስለነበር የከብት ቃላትም አውቃለሁ። ወጣቱ ሐኪም ወረፋው በዝቶበታል፤ ወረቀቱን እንዳየ ቀና ሳይል «ኔፍ ማ ቀብታ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኔፍ! ይህን ቃልማ አውቀዋለሁ። ገበያው ውስጥ አንድ ግመል፣ አንድ ፍየል፣ አንድ በግ ሁሉ አንድ ኔፍ ነው። ሰውዬው ከብት አለህ ወይ እያለኝ ነው ብዬ ኮራ አልኩና «ኔፍ የለኝም፤ ግን የግመል ወተት በየቀኑ እጠጣለሁ» አልኩት በሶማልኛ።

ያኔ ቀና አለ። «ጥሬውን?»

«ጥሬውን ነው እንጂ፤ ያልተፈላው ነው መድኃኒቱ።»

ደም አስመረመረኝ፤ ውጤቱ «ትንሽ ምልክት አለ» ተባለ። ካልተፈላ ወተት የሚመጣ የትኩሳት በሽታ አለ፤ እሱ ነው ተብሎ ለስድስት ሳምንት ክኒን ታዘዘልኝ። ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ እኔ ነኝ መንገዱን ያሳየሁት። ክኒኑን አንድም ቀን ሳላዛንፍ ዋጥኩት። ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ ከሳሁ፣ ሳሉ ግን ቅንጣት አልሰማውም።

በዚህ መሃል ዘሐራ አንድ ነገር አስተዋለች። «አርብ አርብ ትሻላለህ» አለችኝ። ልብ ብዬ አየሁ፤ እውነቷን ነው። ሐሙስ ማታ ደረቴ ፊሽካ ይነፋል፤ አርብ ሥራ የለም፣ ጁምዓ ሰግጄ እመለሳለሁ፣ ማታ ላይ ደህና እበላለሁ፣ ደህና እተኛለሁ። ቅዳሜ ማታ እንደገና ድመቷ ትመጣለች። «የጁምዓ በረካ ነው» አለች ዘሐራ፤ «ዱዓ ጨምር።» ጨመርኩ። አርብን እወዳት ጀመር፤ ቅዳሜን እንደ ጠላት እፈራት ጀመር። ሁለታችንም መልሱን እጃችን ላይ ይዘነው ሌላ ቦታ እንፈልግ ነበር።

የባሰው ቀንም ቅዳሜ ነው። 26 ጁን ሰፈር፣ የመጨረሻው ቤት፣ ትልቁ ቁም ሳጥን። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ እኔ ውስጥ ነኝ። የላይኛውን መደርደሪያ እያለሰለስኩ ትንፋሽ አስገባሁ፤ ማስወጣት አቃተኝ። እንዲህ ነው የሚሆነው፤ አየር የሚያልቅ ይመስላችኋል እንጂ የገባው ነው አልወጣ የሚለው። ማሽኑን ጣልኩት። በጉልበቴ እየዳህኩ በሩ ጋ ደረስኩ። ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አሉ። ሐጂ ዑመር ሥራውን ሊያዩ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ፤ በሰባ ዓመታቸው ትከሻዬን ደግፈው መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ። መንገዱን ሁሉ በአማርኛ ሲቆጡኝ ነበር። «እኔ ቤት ሆነህ አትሞትም፤ ሰምተኸኛል? አልፈቅድም።»

የወሰዱኝ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሷ ሆዳን ትባላለች። ወዲያው መድኃኒት እንደ ጉም የሚያተን ጭንብል ፊቴ ላይ አደረገችልኝ። እየሳብኩ ቆየሁ። ትንሽ በትንሽ ደረቴ እንደተጣበቀ መሳቢያ ተንቀጥቅጦ ተከፈተ። ያን ጊዜ በሶማልኛ ጠየቀችኝ፤ «ኔፍ ማ ቀብታ?»

ደከመኝ። ሁሉም ሐኪም ከከብቴ ጋር ምን አላቸው? ጭንብሉን ገለጥ አድርጌ «ከብት የለኝም፤ ወተቱን ከገበያ ነው የምገዛው» አልኳት።

 ሆዳን በአማርኛ፣ ጥርት ባለ የድሬ አማርኛ፣ «አቦ፣ አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ እንዴ? ምን ከብት አመጣብህ?» አለች። ልጅነቷ ድሬዳዋ ነበር፤ የድሬ ልጅ ደግሞ እርስዎ ብሎ ነገር አታውቅም። ነገርኳት። የከብት ገበያውን፣ ወጣቱን ሐኪም፣ የስድስት ሳምንቱን ክኒን ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ስማኝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ኔፍ ከብትም ነው፣ ልክ ነህ። ግን ትንፋሽም ኔፍ ነው። የትንፋሽ በሽታ፣ አስም የምንለው፣ እሱም ኔፍ ነው። ሰውዬው አስም አለብህ ወይ ነው ያለህ። አንተ አስም የለኝም፣ ወተት እጠጣለሁ አልከው። ምን ያድርግ?»

ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀኝን። «የሚሻልህ ቀን አለ?»

«አርብ» አልኳት። «የጁምዓ በረካ ነው ትላለች ባለቤቴ።»

«በረካውስ አይካድም። ግን ቅዳሜም የአላህ ቀን ነው። ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?»

ጥጉ ላይ የቆሙት ሐጂ ዑመር ቀሚሴን አመለከቱ። ከአንገቴ እስከ ወገቤ ነጭ ዱቄት ነበርኩ።

ወተቱንም አነሳሁባት፤ በየማታው አጥበዋለሁ ብዬ። ሆዳን እጄን ይዛ መጀመሪያ ጉሮሮዬን፣ ከዚያ ሆዴን፣ ከዚያ ደረቴን አስነካችኝ። «ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድህ ነው። አቧራው ያለው ሳንባህ ውስጥ ነው። ሁለት ቤት፣ ሁለት በር። አንተ ዓመቱን ሙሉ የጎረቤትህን ቤት ስታጥብ ነው የከረምከው።» በር የምሠራ ሰው ነኝና ገባኝ። የምጠጣውንም አፍልቼ እንድጠጣ አዘዘችኝ።

የጤና ጣቢያው ዶክተር ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ምልክት ያለው አንድ ቱቦ አስነፍቶ ትንፋሼን ለካ። መርፌው ቀዩ ላይ ቆመ። ሥራው ያመጣው አስም ነው አለ፤ ሳንባዬ አቧራውን ጠልቶታል፣ የተጠላ ነገር ደግሞ ትንሹም ይበቃዋል። በአፍ የሚሳቡ ሁለት ርጭቶች አዘዘልኝ፤ አንዱ ሲጨንቀኝ የሚያስተነፍስ፣ ሌላው ጠዋትና ማታ ባይጨንቀኝም የሚወሰድ። ከዚያ የፈራሁትን ተናገረ። «ሙያ ብትቀይር ጥሩ ነው።»

ቤት ስደርስ ዘሐራ ከዶክተሩ ጋር ወገነች። «ኮምቦልቻ እንመለስ። ሱቅ እንከፍታለን። ድሃ ሆነህ ብትተነፍስ ይሻለኛል።» እኔ ተቆጣሁ። ለምን እንደተቆጣሁ አሁን አውቃለሁ፤ እውነት ስለተናገረች ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ስኳር ስመዝን አየሁትና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «ያን ርጭት አትጀምረው፣ ሱስ ያሲዛል» ሲለኝ፣ ዘሐራ ብድግ ብላ «ትንፋሽም ሱስ ነው፤ ሁላችንም ይዞናል» አለቻቸው። ታረቅን።

ወደ ዶክተሩ አብረን ሄድንና ጊዜ ለመንነው።  «ሦስት ወር» አለ። «መድኃኒቱን ሳታቋርጥ፣ የትንፋሽ መለኪያውን ቤትህ ወስደህ ጠዋትና ማታ እየነፋህ ትመዘግባለህ። አቧራው እንዳይነካህ ካደረግህና አረንጓዴው ላይ ከቆየህ ትሠራለህ። ከወረድክ ግን ማሽኑን ትሰናበታለህ። አንዳንዱ ሰው ምንም ቢጠነቀቅ አይሆንለትም፤ ራስህን እንዳታታልል።» ይህን የመጨረሻውን እናንተም ያዙልኝ።

ርጭቱን መሳብ ራሱ ሙያ ነው። እኔ አፌ ውስጥ ረጭቼ እውጠው ነበር። ሆዳን የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ላይ በርጭቱ አፍ ልክ ተቀዶ፣ በዚያ በኩል ተረጭቶ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ተብሎ እንደሚሳብ አሳየችኝ። የሷ ቀዳዳ ተንጋዶ ነበር። ሥራ ቤት ወስጄ አንድ አየር የማያሾልክ፣ ጠርዙ በእጅ የለሰለሰ ሠራሁላት። ገልብጣ ገልብጣ አየችውና «አሥር ሥራልኝ፤ ወረፋው ላይ የሚያስፈልጋቸው ሞልተዋል» አለች። በታመምኩበት ዓመት እጄ ለሌላ ሰው ሲጠቅም ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ከሐጂ ዑመር ጋር ሥራ ቤቱን ገለበጥነው። መጀመሪያ ከረጢቷን ከሚስማሩ አወረድኳት፤ ለወራት አቧራ አልጠጣችም፣ ራሷ ላይ ግን አቧራ ተጋግሮባት ነበር። አሁን ያለሷ ማሽኑ አይነሳም፤ ግማሽ ስትሆን ደጅ ወጥቼ በፌስታል ውስጥ ቀስ ብዬ አራግፋታለሁ። ሐጂ ከአንድ ሱቅ አቧራ የሚስብ ቫኪዩም አመጡ፤ ሥራው ሲበዛ ቱቦው በከረጢቷ ቦታ ይገጠማል፣ ጣውላው እስኪገርማችሁ ንጹሕ ሆኖ ይለሰልሳል። የቁም ሳጥኑን ሳንቃዎች ሳይገጠሙ፣ ከዛፉ ሥር፣ ንፋሱን በጀርባዬ አድርጌ አለሰልሳቸዋለሁ፤ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው መግጠም ብቻ ነው። ማሽኑን መጫን ተውኩ። መጫን ሥራውን አያፈጥንም፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ አቧራ ያበዛል። የደነዘዘ ወረቀት ቶሎ ይቀየራል፤ ሲቀየር ግን ባትሪው ተነቅሎ ነው። ገመድ የሌለው ማሽን ሁልጊዜ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ቁጠሩት፤ ጣቴ ቁልፉን ነክቶት መዳፌን ልጦኝ ነው የተማርኩት። መጥረጊያም ንፋስ መንፊያም ቀረ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን። የሥራ ልብሴ እዚያው ያድራል። ከሥራ ስመጣ ሐያት እንደገና ትሮጣለች፤ እኔም «ቁሚ» አልላትም።

ያስቸገረኝ የአቧራ መከላከያው ጭንብል ነው። ሆዳን በሁለት ጎማ ከኋላ የሚታሰር፣ አፍንጫ ላይ ብረት ያለው ወፍራሙን አስገዛችኝ። በሁለት መዳፍ ሸፍኜ ስተነፍስ አየሩ በጉንጬ ያመልጣል። «ጺምህ ነው» አለች። ጺሜ እስከ ደረቴ ነበር፤ በእሱ የምኮራ ሰው ነኝ። ጨነቀኝና የሰፈራችንን ኢማም ጠየቅሁ። ብዙ አላሰቡም፤ «ነፍስህን ጠብቅ፤ አላህ በትንፋሽህ ይጠይቅሃል» አሉኝ። አሳጠርኩት፤ ጭንብሉ የሚያርፍበትን ጉንጬን ላጨሁት። ሥራ ቤት ስገባ ሐጂ ዑመር የራሳቸውን ጺም ይዘው «ሙሽራው መጣ» አሉ። ሳምንት ሙሉ ሙሽራው ስባል ሰነበትኩ። ጭንብሉ ግን እንደ ክዳን ገጠመ።

መለኪያዬን በየቀኑ ነፋሁ። በመጀመሪያው ወር ቢጫው ላይ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ያለ ጭንብል ሁለት ደቂቃ ብቻ ብዬ ሠርቼ መርፌው ሲወርድ አየሁት፤ ለዘሐራ አልደበቅሁትም። በሁለተኛው ወር አረንጓዴውን ነካሁ። በሦስተኛው ወር የቅዳሜውና የአርቡ ምልክት እኩል ሆነ። ዶክተሩ ደብተሬን ገልጦ የሦስቱን ወር ምልክት አየ። «ሥራህን ቀጥል» አለኝ። «መድኃኒቱንም ቀጥል። በየሦስት ወሩ አይሃለሁ።» አገር የሰጡኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ከበሩ ወጥቼ ያን የመጀመሪያውን ክሊኒክ የብረት አግዳሚ በሚመስል ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ዘሐራ ለካ ተስላ ኖሯል። ትንፋሼ ከተመለሰ ፍየል አርዳ ዱዓ ልታስደርግ። የወሎ ልጆችን፣ ሐጂ ዑመርን፣ ሆዳንን ጠራች። እኔ አርብ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ሁሉም እረፍት ነው ብዬ። እሷ ግን «ቅዳሜ ነው» አለች። «ከሥራ በኋላ።»

«ለምን?»

«አርብማ ድሮም ትተነፍስ ነበር።»

ቀኑ ደረሰ። እስከ ዐሥር ሰዓት ስድስት የቁም ሳጥን በሮች አለሰለስኩ፤ የዚያው 26 ጁን ሰፈር የወደቅሁበት ቤት በሮች ናቸው፣ ባለቤቶቹ ለሌላ ሳይሰጧቸው እኔን ጠብቀውኝ። ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ኮድቡር ቤቴ ስገባ ፍየሏ ግቢው ውስጥ ታስራለች። ሐጂ ዑመር ቀድመውኝ ደርሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ፍየሏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሆዳንን አዩና በሶማልኛ «ኔፍ ማ ቀብታ?» አሉኝ።

«አለኝ» አልኳቸው። «ሦስቱም፤ ፍየሏም፣ ትንፋሹም፣ አስሙም።»

ሆዳን ከሴቶቹ መሃል ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

ፍየሏ ታርዳ ተበላች፤ ከመግሪብ በኋላ ድቤው ተነሳ። ልጆቹ እኔን አዩኝ፤ የሚያዩኝ በስጋት ነው፣ ባይሆንለትስ ብለው። አጭሩን እንዳወጣላቸው ነበር የጠበቁት። እኔ ረጅሙን ያዝኩ። ያን ስንኝ፣ መሃሉ ላይ የተቆረጠብኝን። ደረቴን ሞላሁና ጀመርኩ፤ ያ መሃሉ መጣ፣ አለፈ፤ ድቤው ቀጠለ፣ እኔም ቀጠልኩ፤ ዘሐራ በመጋረጃው በኩል ብቅ ብላ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። መጨረሻውን ቃል ጎትቼ ለተቀባዮቹ አስረከብኳቸው፤ ሳስረክብም ትርፍ ትንፋሽ ነበረኝ። ቤቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ። ብልጥ ከሰው ይማራል ሞኝ ከራሱ ነው የሚባለው፤ እኔ ከራሴ ተምሬያለሁ፣ እናንተ ከእኔ ተማሩ። ከረጢቷን ከሚስማሩ አውርዷት። እኔ ያን ስንኝ የጨረስኩት ስድስት በር አለስልሼ ውዬ ነው፤ ቀኑም ቅዳሜ ነበር።